የወታደር ጄኔሬተር ገዝታችሁ ነው? አፈታተሹና ብልሽት አፈላለጉ፣ ከኮምቦልቻ ጋራዥ

ባለፈው ክረምት ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ወፍጮ ቤት ያላቸው አንድ ሐጂ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ከጨረታ አንድ አረንጓዴ ሣጥን ገዝቼ ነበር። ሁለት መካኒክ አይቶት ሞተሩ ነክሷል፣ ተጣብቆ አይዞርም አሉኝ። መጥተህ እየውና ካልሆነ በኪሎ ልሽጠው» አሉኝ።

ሄድኩ። ሣጥኑ የአሜሪካ ጦር ይጠቀምበት የነበረ ኤምኢፒ-803ኤ የሚባል 10 ኪሎዋት ጄኔሬተር ነው፤ ባለ አራት ሲሊንደር ሊስተር ፔተር ሞተር ያለው። በሩን ስከፍት መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ባትሪው ነው። ሁለት አዳዲስ 12 ቮልት ባትሪዎች፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ታስረዋል። ማሽኑ ግን የሚፈልገው 24 ቮልት ነው። በ12 ቮልት ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ጠቅ ይልና ዝም ይላል። ይህን የሰማ ሰው «ነክሷል» ቢል አይፈረድበትም። የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር በአንድ አጭር ኬብል አገናኝቼ በተከታታይ አደረግኳቸው። «አብሽሩ ሐጂ፣ ገና አልሞተም» አልኳቸው።

ያን ቀን ግን አላስነሳሁትም። ሐጂም ትንሽ ቅር አላቸው። ለዓመታት የቆመን ሞተር ባትሪ ስለተስተካከለ ብቻ ማስነሳት ደህናውን ማሽን ለመግደል አጭሩ መንገድ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ተነስቶ ደህና የሚጮህ ሞተር ገና ምንም አላሳየም፤ ጭነት ተሸክሞ አንድ ሰዓት ሲቆይ ነው የሚታወቀው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል እኔ ኮምቦልቻና ደሴ ላይ የምሠራበት ነው።

ወረቀቱና ሰሌዳው

ከወረቀቱ ልጀምር። የሠራዊት ቀለም ያለው ንብረት ያለ ሰነድ መያዝ ራስ ምታት ነው። የጨረታው ሰነድ፣ የክፍያው ደረሰኝና የርክክቡ ወረቀት በእጃችሁ ይኑር፤ ኮፒውም ማሽኑ ካለበት አይጥፋ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ምንጩ ያልታወቀ ዕቃ ሲቀርብላችሁ ዋጋው ምንም ቢያማልል እጃችሁን ሰብስቡ።

ቀጥሎ ማሽኑ ላይ የተመታውን የብረት ሰሌዳ በጨርቅ ጠርጉና በስልክ ፎቶ አንሱት። አራት ቁጥር ፈልጉ፦ ኪሎዋት፣ ቮልት፣ ኸርዝ እና በደቂቃ የሚዞረው ዙር። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በነጠላ ፌዝ 220፣ በሦስት ፌዝ 380 ቮልት። በሩሲያ ፊደል የተጻፈ፣ ለምሳሌ «አዴ-30-ቴ/400» የሚል ከሆነ አነባበቡ ቀላል ነው፦ በናፍጣ የሚሠራ፣ 30 ኪሎዋት፣ ሦስት ፌዝ፣ 400 ቮልት። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ 50 ኸርዝ ስለሆኑ ለእኛ ይስማማሉ።

የአሜሪካኖቹ ባብዛኛው 60 ኸርዝ፣ 1800 ዙር ናቸው። ከመካከላቸው ደግሞ 400 ኸርዝ የሚሰጡ አሉ። ለልዩ የጦር መሣሪያዎች የተሠሩ እንጂ ለቤትም ለወፍጮም አይሆኑም። ሰው «400» የሚለውን አይቶ ቮልት መስሎት ይገዛል። ኸርዙ 400 ከሆነ ሻጩን አመስግናችሁ ሂዱ።

60 ኸርዙ ችግር ነው ወይ? እንደምትሰኩበት ነው። ምጣድ፣ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ግድ የላቸውም። የውሃ ፓምፕና ማራገቢያ ግን 20 በመቶ ፈጥነው ይዞራሉ፤ ፓምፕ ደግሞ ፍጥነቱ 20 በመቶ ሲጨምር የሚጠይቀው ጉልበት ወደ 1.7 እጥፍ ይደርሳል። ሞተሩ ግሎ የተቃጠለበት ሰው ብዙ ጊዜ ጄኔሬተሩን ይረግማል እንጂ ኸርዙን አያስብም።

«ዙሩን ወደ 1500 አውርደህ 50 አድርግልኝ» የሚሉኝ አሉ። ይቻላል፤ ግን በነፃ አይደለም። ጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። ቮልቱም አብሮ መውረድ አለበት፦ 240 ለ60 ሲካፈል 4 ነው፣ 220 ለ50 ሲካፈል ግን 4.4። በ50 ኸርዝ 220 ላውጣ ካላችሁ የዲናሞው (መብራት የሚያመነጨው ክፍል) ብረት ከተሠራበት 10 በመቶ በላይ ይጨነቃል፣ ይግላል። የእኔ ምክር፦ ጭነታችሁ ምጣድና መብራት ከሆነ 60ውን አትንኩት።

ሐጂ ያሰቡት ለወፍጮው ነበር። የወፍጮው ሞተር 15 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት ነው፤ ማሽኑ በሦስት ፌዝ የሚሰጠው 208 ቮልት፣ 10 ኪሎዋት ነው። ሞተር ሲነሳ ደግሞ ከመደበኛው አምፒር አምስት ስድስት እጥፍ ይጎትታል። በዚህ ማሽን የሚሆን ነገር አይደለም። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲህ ቤት ያብራልኝ» አሉ።

ከፍታውንም አስሉበት። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከተወሰነ ከፍታ በኋላ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። የወታደር ማሽኖችን ሙሉ ጉልበት እስከ 1200 ሜትር ገደማ ብትቆጥሩ፣ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 10 ኪሎዋቱ ወደ 9.2 ይወርዳል። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ 2500 ሜትር ነውና ወደ 8.5። ዙሩን ወደ 1500 ያወረደ ሰው ደሴ ላይ የሚቀረው 7 ኪሎዋት ገደማ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ቆማችሁ በሰሌዳው ቁጥር አትማሉ።

ሳይነሳ የሚታየው

ባትሪው ተፈትቶ ሥራው ይጀመር። የአየር ፊልትሮውን አውጡ፤ ከውስጡ የአይጥ ጎጆ ሳላገኝ የቀረሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። አይጥ ካለ ሽቦ ተበልቷልና የሽቦውን እሽግ ሁሉ በእጅ እየዳሰሳችሁ ተከተሉት፤ የዲናሞውንም የአየር መግቢያ በእጅ መብራት እዩ።

የዘይት መለኪያውን መዝዛችሁ ሁለት ነገር እዩ። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ ምናልባት የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ነው። ከምልክቱ በላይ ሞልቶ ናፍጣ ከሸተተ የናፍጣ ፖምፓው ወይም ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ወደ ውስጥ እያፈሰሰ ነው። በሁለቱም ሁኔታ አታስነሱ። ደህና ቢመስልም ያረጀውን ዘይት አውጥታችሁ ከነፊልትሮው ቀይሩት።

ከዚያ ሞተሩን በእጅ አዙሩት። ከፊት ያለውን የኮሎ (የክራንክ ዘንግ) ዳዶ በረጅም ቁልፍ ይዛችሁ በሚዞርበት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር። አራት ምት ሞተር ስለሆነ ሁሉንም ቦታ ለማዳረስ ሁለት ዙር ያስፈልጋል። መጨመቂያው ላይ ሲደርስ መክበዱና ማለፉ ጤና ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ አታስገድዱት፤ ኖዝሎቹን ፈታችሁ በየሲሊንደሩ ጥቂት ቀጭን ዘይት ጨምሩና አሳድሩት። ይህን ሳያደርግ በሞተሪኖ የሚታገል ሰው ፒስተን ይሰብራል።

ራዲያተሩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ የእኛ አገር ጉዳይ ስለሆነ። ውሃ ደሴ ላይ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 94 ገደማ ነው። የብዙዎቹ ማሽኖች የሙቀት መከላከያ የሚቆርጠው ግን ከ100 ዲግሪ አለፍ ሲል ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ከያዘ ልዩነቱ ይሸፈናል፤ ላስቲኩ ከደረቀ ግን ውሃው ፈልቶ ያልቃል፣ መከላከያውም ሳይሰማ ሞተሩ ይቃጠላል። ክዳኑ ርካሽ ነው፤ ቀይሩት።

ቺንጋው ከተሰነጠቀ፣ የውሃ ቱቦው ሲጨመቅ ከተንኮሻኮሸ መቀየር ነው፤ ሌላ ፍልስፍና የለውም።

ናፍጣው

ገንዳ ውስጥ የቆየው ናፍጣ ጠላታችሁ ነው። ከሥር በኩል በአንድ ነጭ የሃይላንድ ጠርሙስ ቅዱና ሃያ ደቂቃ አቁሙት። ውሃ ካለ ከታች ይለያል። ጠቁሮ የቀለም ሽታ ካመጣ አርጅቷል፤ ከታች እንደ አልጌ የሚጎተት ዝልግልግ ካለ ገንዳው ወርዶ መታጠብ አለበት። ሁሉንም የናፍጣ ፊልትሮ ቀይሩ፣ የውሃ መለያውንም አፍስሱ።

ለመጀመሪያው ሙከራ ገንዳውን ተዉት። ንጹሕ ጀሪካን ከፖምፓው ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ መሳቢያ ቱቦውን እዚያ ክተቱ፣ መላሽ ቱቦውንም እዚያው ጀሪካን ውስጥ መልሱት። መላሹን የረሳ ሰው ናፍጣውን መሬት ላይ ያገኘዋል። በጀሪካን የሚሠራና በገንዳ የማይሠራ ከሆነ ብልሽቱ ከገንዳ እስከ ፊልትሮ መካከል እንደሆነ በአንድ ጊዜ አወቃችሁ ማለት ነው።

አየሩን አውጡ። ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን በካቻቢቴ ወይም በቁልፍ ላላ አድርጋችሁ በእጅ ፖምፓው ግፉ፤ የአሜሪካኖቹ ላይ ቁልፉን «ፕራይም ኤንድ ራን» ላይ ስታደርጉ በኤሌክትሪክ ይገፋል። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ከዚያ አረፋና ናፍጣ፣ በመጨረሻ ጥርት ያለ ናፍጣ። ያኔ ጥበቁ። በኖዝል ቱቦዎቹ በኩል አየር ማውጣት ካስፈለገ ዳዶውን ሩብ ዙር ብቻ ላላ አድርጉ፣ እጃችሁንም አርቁ። ከኖዝል የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። እንደ መርፌ የወጋ ነጥብ ብቻ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው፤ ነገ አይባልም፣ እጅ የተቆረጠበት አለና።

ባትሪና ሞተሪኖ

ጤነኛ 12 ቮልት ባትሪ ሲያርፍ 12.6 ያህል ያሳያል፤ ሁለቱ በተከታታይ 25.2። ከ12.0 በታች የሆነ ባትሪ ቻርጅ ሳይደረግ ለሙከራ አይሆንም። ቴስተሩን (ቮልት መለኪያውን) ባትሪው ላይ እንደያዛችሁ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር፦ ቮልቱ ከ18 እና 19 በታች ከወረደ ባትሪው ደካማ ነው። ከዚያ በላይ ሆኖ ሞተሪኖው ከተንቀራፈፈ ደግሞ ጥፋቱ ከኬብሉ ነው። አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን የሞተሪኖው ምሰሶ ላይ አድርጋችሁ እያዞራችሁ ለኩ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ዝገት አለ። የኔጌቲቩንም እስከ ሞተሩ አካል ድረስ እንዲሁ። ብዙ ሰው ፖዘቲቩን አጽድቶ ኔጌቲቩን ይረሳል።

ባትሪ ከሌላችሁ 24 ቮልት ካለው ሲኖትራክ ወይም አይሱዙ መኪና መሳብ ይቻላል፤ ከአውቶሞቢል ግን አይሆንም። ሲታሰር ፖዘቲቭ ቀድሞ፣ ሲፈታ ኔጌቲቭ ቀድሞ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ያገለባበጠ ሰው ኤቪአሩን (የዲናሞውን ቮልት የሚያስተካክለውን) እና የመቆጣጠሪያ ካርዱን በአንድ ብልጭታ ይሸኛል፣ እነዚህ ደግሞ ደሴም ኮምቦልቻም ሱቅ ገብታችሁ የምታገኟቸው ዕቃዎች አይደሉም። ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱ ላይ ብቻ ሬዲዮ ወይም አምፖል መስቀልም ልማድ ሆኗል፤ አንዱ ይደክማል፣ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፣ በዓመቱ ሁለቱም ይሞታሉ።

መጀመሪያ ማስነሳት

ከማስነሳታችሁ በፊት አንድ ጠፍጣፋ ጣውላ አዘጋጁ። የናፍጣ ሞተር አንዳንዴ ያብዳል፤ ፖምፓው ሙሉ ላይ ተጣብቆ ወይም የራሱን ዘይት እየጠጣ ዙሩ ሳይቆም ይወጣል። ቁልፉን ብትዘጉትም አይሰማም። ያኔ የሚያቆመው አየር ማጣት ብቻ ነው፤ ጣውላውን የአየር መግቢያው አፍ ላይ መድፈን። በእጅ ወይም በጨርቅ አይሞከርም፤ ጨርቁን ይውጠዋል። አንድ ሰው ጣውላውን ይዞ ይቁም፣ ሌላው ይጫን።

ማሽኑ ደጅ ይሁን። ደሴ ብርድ ነው ብሎ ሱቅ ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጎ የሚያስነሳ አለ። ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎ ይገድላል።

በጠዋት ብርድ ካንዴሊታ (ሲሊንደሩን ቀድሞ የሚያግል) ካለው ጊዜ ስጡት። ቤንዚን በጨርቅ ነክሮ አየር መግቢያው ላይ መያዝ የለመደ መካኒክ ሲመጣ አስቁሙት፤ ካንዴሊታ የጋለበት ሞተር ላይ ቤንዚን ወይም ኤተር ፍንዳታ ነው።

በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አታዙሩ፤ ካልተነሳ ሞተሪኖው ሁለት ደቂቃ ይረፍ።

አሁን ራሴ የሞኘሁበትን ልንገራችሁ። የሐጂ ማሽን በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ፣ ድምፁ እንደ አዲስ ነው፤ ቮልቱ ግን ዜሮ። ኤቪአሩ ነው አልኩና የዲናሞውን ክዳን ፈትቼ ግማሽ ቀን ሽቦ ስለካ ዋልኩ። ሁሉም ደህና ነው። በኋላ ነው የገባኝ። በእነዚህ ማሽኖች «ስታርት» ላይ ያለው ቁልፍ ሞተሪኖውን ማዞር ብቻ ሳይሆን ዲናሞው ቮልት እንዲጀምር ከባትሪ ጉርሻ የሚሰጠውም እሱ ነው። እኔ እንደ መኪና ሞተሩ እንደተነሳ ለቀቅኩት። መያዝ ያለበት የዘይቱ ግፊት ቢያንስ 25 ፒኤስአይ እስኪደርስ፣ ዙሩ እስኪረጋና የቮልት መለኪያው መርፌ ወደ ቦታው እስኪወጣ ነው። አጥፍቼ እንደገና አስነሳሁት፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጨምሬ ያዝኩት፣ መርፌው ተነሳ። ሐጂ ከኋላዬ ቆመው «ግማሽ ቀን ምን ስትፈታ ነበር?» አሉኝ።

እምቢ ሲል

ምንም ድምፅ ከሌለ፦ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ቀይ ቁልፍ ተጭኖ አለመቅረቱን፣ ከዚያ የ24 ቮልቱን ብሬከርና ፊውዝ እዩ። ሳቅ አትበሉ፣ ቀዩ ቁልፍ ስንት ማሽን በከንቱ አስፈትቷል። የአሜሪካኖቹ ሞተር ክፍል ውስጥ «ዴድ ክራንክ» የሚባል ትንሽ ማብሪያ አለ፤ «ኖርማል» ላይ መሆን አለበት።

ዞሮ ካልተነሳ የማርሚታውን አፍ እዩ። ጭስ ጨርሶ ከሌለ ናፍጣ ሲሊንደር አልደረሰም፦ አየር ነው፣ ወይም የናፍጣ ሶሌኖይዱ አልተከፈተም። ቁልፉ ሲከፈት ሶሌኖይዱ ላይ ጣታችሁን አድርጉ፣ ጠቅ ማለቱ በእጅ ይሰማል። ካልተሰማ 24 ቮልት መድረሱን ለኩ። ነጭ ጭስ እየወጣ ካልተነሳ ግን ናፍጣው ደርሷል፣ የሚያቃጥለው ሙቀት ነው የጠፋው፦ ብርድ፣ የደከመ ካንዴሊታ፣ ዝግ ብሎ የሚዞር ሞተሪኖ፣ ወይም ያለቀ ፒስተን ቀለበት።

ተነስቶ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ የሚሞት ከሆነ ሁለት ነገር ነው። እየተንተፋተፈ ከሞተ አየር ይስባል፤ በጀሪካኑ ሞክሩት። ድንገት እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ከሞተ መከላከያው ነው የገደለው። የወታደር ማሽን የዘይት ግፊት ሲያንስ፣ ሲግል፣ ናፍጣ ሲያልቅ፣ ቮልት ሲበዛ ራሱን ያጠፋል፤ የትኛው እንደሆነም በመብራት ያሳያል። በመጀመሪያ በእውነተኛ የግፊት መለኪያ ዘይቱን ለኩ። ግፊቱ ደህና ከሆነ ጥፋተኛው ቡልቦው (የግፊት ሴንሰሩ) ወይም ሽቦው ነው። ሳይለኩ ቡልቦውን አገናኝቶ ማታለል ግን ኮሎ ማስበላት ነው። እነዚህ ማሽኖች ላይ «ባትል ሾርት» የሚባል፣ መከላከያውን ዝም የሚያሰኝ ቁልፍም አለ። ለጦር ሜዳ የተሠራ ነው፤ እናንተ ጦር ሜዳ አይደላችሁም።

ቮልቱ

ሞተሩ ረግቶ ሲሠራ፣ ምንም ሳይሰካ፣ ቮልትና ኸርዝ ለኩ። የ60 ኸርዝ ማሽን ያለ ጭነት 61 እና 62 ቢያሳይ፣ የ50ው 51 እና 52 ቢያሳይ ደህና ነው፤ ጭነት ሲመጣ ይወርዳል። ማሽኑ ላይ ያለውን መርፌ ብቻ አትመኑ፣ በራሳችሁ ቴስተር አረጋግጡ።

5 ወይም 10 ቮልት ብቻ ካሳየ ሽቦው አልሞተም፤ ጉርሻ አጥቷል ወይም ኤቪአሩ አይሠራም። ምንም ካላሳየ ዲናሞው ለብዙ ዓመት ቆሞ መግነጢሱን አጥቶ ይሆናል። ኤቪአሩን ነቅላችሁ፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አረጋግጣችሁ፣ በ12 ቮልት ባትሪ የፊልዱን (መግነጢስ የሚፈጥረውን) ሽቦ ለአንድ ሁለት ሰከንድ መንካት ይመልሰዋል። ይህን ኤሌክትሪሻን ይሥራው።

ክረምት ያሳለፈ ማሽን ከሆነ ከማስነሳት በፊት በሜገር (የሽቦ ሽፋን መፈተሻ) ለኩት። ኤቪአሩንና ኤሌክትሮኒክሱን ሁሉ ነቅላችሁ፣ በ500 ቮልት፣ ከሽቦው ወደ ማሽኑ አካል። ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ እርጥበት ገብቶታል። ሁለት ባለ 200 ዋት አምፖል ዲናሞው ሥር አብርታችሁ በሸራ ሸፍናችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት እንደገና ለኩ። የሚደርቅ ከሆነ ቁጥሩ ሲወጣ ታያላችሁ።

የኒውትራሉንም ነገር አጣሩ። የሩሲያዎቹ ብዙ ጊዜ ኒውትራላቸው ከአካሉ ጋር አልታሰረም። በዚያ ሁኔታ ከፌዝ ወደ መሬት ስትለኩ ትርጉም የሌለው ቁጥር ያሳያችኋል፣ ሰው ሲይዘው የሚቆርጠው ብሬከርም ላይሠራ ይችላል። የት መታሰር እንዳለበት ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ይወስን። የመሬት ዘንጉን እርጥብ አፈር እስኪያገኝ ምቱት፤ ቦርከና ወንዝ ዳር ያለ ሰው ቶሎ ያገኘዋል፣ ደሴ ዳገት ላይ ያለው ይደክማል።

ምጣድ ይዞ መፈተሽ

የመጀመሪያው ጭነት ሁለት የድሮ አምፖል ይሁን። ቮልቱ ከዘለለ የሚቃጠለው አምፖል ነው፣ ፍሪጅ አይደለም። አምፖሉ ሳይርገበገብ አሥር ደቂቃ ከቆየ ወደ ከባዱ እለፉ።

ትልልቅ ድርጅቶች ለዚህ ሥራ የተሠራ የጭነት ሣጥን አላቸው። እኛ ምጣድ አለን። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይበላል፣ ንጹሕ ሙቀት ስለሆነም ለሙከራ ከእሱ የተሻለ የለም። ሁለት ነገር ግን አስቡ። በ240 ቮልት ስትሰኩት 3.5 የነበረው ወደ 4.2 ኪሎዋት ይወጣል፤ በ120 ቮልት ደግሞ ወደ 1 ይወርዳል፣ ይህም በትንሽ በትንሹ ለመጨመር ይጠቅማል። ባዶ ምጣድ ረጅም ጊዜ አይጋልም፤ ቴርሞስታት ያለው ይቆርጣል፣ የሌለው ሸክላው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሊጥ ያስፈልጋል።

ሐጂ ቤት ሁለት ምጣድ ግቢው ውስጥ ተዘረጋ፣ ምራታቸው ሊጥ ይዛ መጣች፣ የጎረቤት ሴቶችም «መብራት የለም፣ እኛም እንጋግር» ብለው ተከተሉ። ያለ ጭነት 61.8 ኸርዝ፣ 240 ቮልት። አንድ ምጣድ ሲገባ 61.2። ሁለተኛው ሲጨመር ሞተሩ አንዴ አጉረመረመ፣ ጥቁር ጭስ ቱፍ አደረገና ረጋ፤ 60.5 ኸርዝ፣ 238 ቮልት። በክላምፕ ሜትር ስለካው 35 አምፒር ግድም ነው። ከዚያ አራት ባለ 200 ዋት አምፖል ጨመርኩ፤ ኮምቦልቻ ላይ ከዚህ ማሽን የምጠብቀው ጣሪያ እሱ ነው፣ 9.2 ኪሎዋት።

በየደረጃው አሥራ አምስት ደቂቃ፣ የመጨረሻው ላይ አንድ ሰዓት። እዚያ ቤት ሰዓቱ የሚለካው በቡና ነበር፤ ከአቦል እስከ በረካ። በየአሥር ደቂቃው ቮልት፣ ኸርዝ፣ ሙቀትና የዘይት ግፊት ወረቀት ላይ ጻፉ። ሙቀቱ ወጥቶ አንድ ቦታ ከቆመ ጥሩ ነው፤ ሳያቋርጥ ከወጣ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም ቴርሞስታቱ ተጣብቋል፣ አጥፉት።

ጭሱን በዚህ ሰዓት አንብቡ። ጭነት ሲገባ ጥቁር ቱፍ ብሎ ቢጠራ ምንም አይደል፣ ከፍታ ላይ ነን። ሳይጠራ ከቀጠለ አየር አንሷል ወይም ኖዝሉ በዝቶ ይተፋል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከጋለም በኋላ የሚቀጥል ከሆነ ራዲያተሩ ውሃ እየቀነሰ መሆኑን እዩ። ከማርሚታው መጋጠሚያ እንደ ሬንጅ ጥቁር ፈሳሽ ሲንጠባጠብ ብዙ ሰው ዘይት መስሎት ሞተር ሊያስፈታ ይነሳል። አብዛኛውን ጊዜ ሳይነድ የቀረ ናፍጣ ነው። የወታደር ማሽን ለሬዲዮና ለጥቂት አምፖል ሲባል ቀን ከሌት በባዶ ሲጮህ ስለሚኖር ይጠራቀምበታል። መድኃኒቱ ከባድ ጭነት ነው፦ ከአቅሙ ከ70 እስከ 80 በመቶ፣ ለአንድ ሁለት ሰዓት። የሐጂም ማሽን ሲንጠባጠብ ነበር፤ ቶናው ሲቀዳ ቀነሰ፣ በረካው ሲደርስ መጋጠሚያው ደርቆ ነበር።

ቤት ላይ ሲታሰር

ከጄኔሬተር ወደ ቤቱ ሶኬት በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ባለው ኬብል የሚያስገባ ሰው አለ። ከውጭ የሚመጣው የመብራት መስመር ሳይነቀል ይህን ካደረጋችሁ የእናንተ 220 ቮልት በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ኋላ 15 ሺህ ቮልት ሆኖ ምሰሶ ላይ የሚሠራውን ልጅ ይጠብቀዋል። ቸንጅ ኦቨር (መስመር መቀያየሪያ) ይገባበት፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማብራት የማይችል ዓይነት።

ሲጠፋ ጭነቱን ንቀሉ፣ አምስት ደቂቃ ባዶውን ይሂድና ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ አጥፉ። ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ገንዳውን ሙሉት፣ ባዶ ገንዳ ሌሊት ውሃ ያልባል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ።

ሐጂ አሁን ማሽኑን በወር አንድ ጊዜ፣ ጁምዓ ከሰዓት፣ መብራት ኖረም አልኖረም ያስነሱታል። ሁለቱ ምጣዶች ተሰክተው።